ሊንኩ አለ፣ ፎቶው የለም፤ እባካችሁ ተባበሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ ሊኑክስ ነው። ቦታ ሲጠበኝ የሠርግ ፎቶዎቹን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አዛወርኩና በቦታቸው ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ፎቶዎቹ የሚጠቁም አቋራጭ) ተውኩ። አራት ወር ሙሉ ምንም አላለም።

ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ሊንኮቹ በሙሉ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት) ላይ ቀይ ሆነው ቁጭ አሉ። ስነካቸው ፋይሉ የለም ይለኛል። ዲስኩ ደህና ነው፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል፦ ድሮ «ሠርግ» በሚል ፎልደር ይከፈት የነበረው አሁን «ሠርግ1» ሆኗል። ሲምቦሊክ ሊንክ የሚይዘው አድራሻውን ብቻ ስለሆነ፣ ጣጣው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰውየው ቤት ቀይሮ እኔ የድሮ በሩን እያንኳኳሁ ነው።

ሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል ሌላ ስም መስጠት) ልሞክር ብል፣ እሱ ደግሞ ከአንድ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላ፣ ማለትም ከኮምፒውተሬ ዲስክ ወደ ውጫዊው፣ አይሻገርም።

ዲስኩ ሁሌ በአንድ ቦታ እንዲከፈት ኤፍኤስታብ (ዲስኮች የት እንደሚከፈቱ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ በዩዩአይዲው (በመለያ ቁጥሩ) ልጻፈው? ወይስ የሚቀል ዘዴ አለ? ቀዮቹን ሊንኮች ባጠፋስ ዋናዎቹ ፎቶዎች አይነኩም አይደል? አይነኩም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሙሽሮቹ አልበማቸውን ሊወስዱ ቅዳሜ ይመጣሉ። የሙሽራዋ እናት ከአሁኑ ሁለቴ ደውለዋል።