የጣሪያችንን እንጨት ነቀዝ እየበላው ነው

የምንኖረው ሐረር ጁገል ውስጥ ነው። ቤታችን የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ጎን ለጎን በተደረደረ እንጨት ላይ አፈር ተደልድሎበታል። እንጨቱን አባቴ ጥድ ነው ይላሉ።

ከሰሞኑ ጠዋት ጠዋት ነደባው (የምንቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ) ላይ ባለው ምንጣፍ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ እናገኛለን። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱ እንጨቶች የመርፌ ራስ በሚያህሉ ክብ ቀዳዳዎች ተበሳስተዋል። አንዱን ሳንኳኳው ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ምስጥ አይመስለኝም፤ ምስጥ ቢሆን ግድግዳው ላይ የጭቃ መንገድ ይሠራ ነበር።

ናፍጣ ቀባሁት። ሽታው ከቤት አልወጣ አለ፣ ብናኙም አልቆመም። ላዩን ብቻ ነው የነካው መሰለኝ። አናጺ ስጠራ «አውርደን በባሕር ዛፍ እንቀይረው» አለኝ። ያሳየኝ ባሕር ዛፍ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከላይ ደግሞ ያ ሁሉ አፈር አለ፤ አንዱ እንጨት ሲነሳ ሌላው እንዳይከተል እፈራለሁ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ እንደፈለጉ ማፍረስም የለም። እኔም የአያቶቼ ቤት እንዲፈርስ አልፈልግም።

በእንዲህ ዓይነት ቤት የሠራችሁ ወይም እንጨት የምታውቁ፣ ጣሪያው ሳይነካ፣ እንጨቱ እዚያው እንዳለ ውስጡ ድረስ ዘልቆ ነቀዙን የሚገድለው ምንድን ነው?