ቅዳሜ ቤቱን ሊያዩት ይመጣሉ፤ እኔ ሰዓት የለኝም

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለቤቱ። እስካሁን ከዳር ሆኜ ማንበብ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝ። የአከራዩ ወኪል ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጥቼ ቤቱን አያለሁ ብሎ ጽፎልኛል። ውሉ የሚታደሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በሳምንት አምስት ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ገብቼ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ፤ ስነቃ መልሼ የማመጣቸው ሰዓት ደርሷል። ዛሬ ረቡዕ ነው። እስከ ቅዳሜ ከዚህም ከዚያም ቢለቃቀም አራት ሰዓት ባገኝ ነው።

ሳሎኑ አያስፈራኝም። ያስጨነቀኝ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ኦቨኑ፤ ስብ ፈስሶበት ተቃጥሎ ወለሉ ጠቁሯል። ሁለተኛ የሻወሩ መስታወት፤ ነጭ ነገር ይዞት በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው ወይ ፍንክች። ሦስተኛ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ወጥቷል። ይህን ልጥረገው ወይስ ትቼ ላሳያቸው? በእኔ ያመካኙብኝ ይሆን? በዚያውም የየዕለቱን ጽዳት እንዴት እንደምታቀሉት ንገሩኝ። እኔ ሳጸዳ ውዬ ሳጸዳ አድሬ ቤቱ ጸድቶ አያውቅም።

ሃያ ዓመት በስደት፦
አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አራት ሰዓት ብዙ ነው። ጡረታ እስክወጣ አሥራ አራት ዓመት የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ነው የኖርኩት። አንዱን ክፍል በግማሽ ሰዓት ነበር የምናስረክበው። አለቃችን ደግሞ የበሩን ጉበን በጣቷ ዳስሳ ጣቷን ታሳየን ነበር።

ሥልጠና ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣሉልን። ኸርበርት ሲነር የሚባል የሳሙና ኬሚስት በ1959 ያወጣው ነው አሉን። ጽዳት ማለት አራት ነገር ነው፦ የማጽጃው መድኃኒት፣ ሙቀቱ፣ ፍትጊያው፣ ጊዜው። አንዱን ከቀነስሽ ሌላውን መጨመር የግድ ነው። የእኛ ሰው ረጭቶ ወዲያው መፈተግ ነው የሚያውቀው። መድኃኒቱ ጊዜ ስላልተሰጠው ሥራው ሁሉ በክንድሽ ላይ ይወድቃል። እኛ ክፍል ስንገባ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ረጭተን እንወጣ ነበር። አልጋ አንጥፈን፣ አቧራ አንስተን ስንመለስ ቆሻሻው ለቆ ይጠብቀናል።

እንግዲህ ኦቨኑን ዛሬ ማታ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪው። ብረቶቹን አውጥተሽ ባኞ ውስጥ በፍል ውሃና በዕቃ ሳሙና ዘፍዝፊያቸው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ጭቃ ለውሰሽ ወለሉንና ግድግዳውን ምረጊው፤ የሚግለውን ብረትና ማራገቢያውን እንዳትነኪ። ይደር። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጊው አብዛኛው እየተጠቀለለ ይመጣል፤ የቀረውን ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ፋቅ ፋቅ አድርጊው። አንቺ ሥራ አድረሽ ስትመጪ እሱም ሲሠራ አድሮ ጠበቀሽ ማለት ነው።

የመስታወቱን ሳሙና አያነሳውም። ያ ነጭ ነገር ውሃው ይዞት የመጣው ካልሲየም ነው፤ ውሃው ሲደርቅ እሱ ይቀራል። የሚያሟሟው እንደ አቼቶ ያለ አሲድ ነው። ወረቀት ፎጣ አቼቶ ውስጥ ነክረሽ መስታወቱ ላይ ለጥፊውና ግማሽ ሰዓት ተይው። አጠገቡ እብነ በረድ ካለ ግን አቼቶው እንዳይደርስበት፣ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ከሻወር የወጣ ሁሉ በላስቲክ መጥረጊያ ውሃውን ከላይ ወደ ታች አንዴ ሳብ አድርጎት ይውጣ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጨርቅሽንም አራት እጠፊው፣ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ሲቆሽሽ ትገለብጪዋለሽ እንጂ በየደቂቃው ባልዲ ጋ አትመላለሺም። ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቁ ወደ እርጥቡ፣ ከጓዳው ወደ በሩ። የሽንት ቤቱ ጨርቅ ቀለሙ ለብቻው ይሁን። ማይክሮፋይበር የሚሉት የደቃቅ ክር ጨርቅ ከሆነ የልብስ ማለስለሻ እንዳታስነኪው፣ ክሩን ይለብጠውና ከዚያ በኋላ አቧራ መግፋት እንጂ መያዝ የለም።

ዝም ያለች፦
እትዬ እጅዎ ይባረክ። እኔ ግን አቼቶውንና ቤኪንግ ሶዳውን አንድ ላይ ነው የማደርገው። ሲንተከተክ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ቪዲዮ ላይም ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ኬሚስትሪ ያላለፈ፦
እህቴ፣ የምታዪው አረፋ ሁለቱ ሲጣሉ ነው። አንዱ አሲድ፣ ሌላው ተቃራኒው። ተጣልተው አረፋው ሲበርድ እጅሽ ላይ የሚቀረው ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። በየተራ ከሆነ ሁለቱም ጎበዝ ናቸው።

ይልቅ በረኪናና አቼቶ እንዳታገናኙ። እዚህ እንደመጣሁ የተከራየኋት ክፍል ሽንት ቤቷ መስኮት አልነበረውም። በረኪና ረጨሁ፣ አልለቅ አለኝ፤ ይጠንክር ብዬ አቼቶ ደረብኩበት። ሁለት ጊዜ ብተነፍስ ነው። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ደረቴ ተያዘ፣ በእንብርክኬ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። የሠራሁት ክሎሪን ጋዝ ነው። ሳምንት ሙሉ ስስል ከረምኩ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። የሚቸኩል ሰው ያገኘውን ሁሉ ደባልቆ ስለሚረጭ ነው የምጽፈው።

ዝም ያለች፦
ወይኔ ጉዴ! ይህን ሁሉ ዓመት ጨው ውሃ ነው ስቀባ የኖርኩት?

የሦስት ልጆች አባት፦
የጠያቂዋ ሦስተኛ ጥያቄ ተረሳ። ጥቁሩ ነጥብ ሻጋታ ነው፣ ሻጋታን የሚያመጣው እርጥበት ነው። ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጫለሽ? ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል? አንድ ስንዝር አርቂው፣ አየር ይለፍበት። ከሻወር በኋላም መስኮት ይከፈት። ውሃው ከጣሪያ ወይም ከውጭ በግድግዳው እየሰረገ ከሆነ ግን የቤቱ ጉድለት ነው። እኔ ብሆን ሳልነካው ፎቶ አንስቼ፣ ወኪሉ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ አሳውቀው ነበር።

ቅር አይበልሽና አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ባለቤትሽ የት ሄዶ ነው?

ሃያ ዓመት በስደት፦
ወንድሜ፣ እንዴት አትንኪው ትላታለህ? ሻጋታ ያየ ሰው ሌላውን ንጹሕ ቦታ አያይላትም። በሳሙና ውሃ ትጥረገው፣ ታድርቀው፣ ሲመጣ በቃሏ ትንገረው።

የሦስት ልጆች አባት፦
በቃል የተነገረ ነገር ማን ያስታውስላታል እትዬ? በኋላ ቤት ስትለቅ ማስያዣዋን ሲይዙባት ምን ይዛ ትከራከራለች?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ይባስ ግራ ገባኝ። ባለቤቴ አለ። እሱ ቀን ይሠራል፣ እኔ ሌሊት፤ በር ላይ ነው የምንተላለፈው። መጥፎ ሰው አይደለም። «ምን ላግዝሽ?» ይለኛል። ምን እንደሚያግዘኝ አስቤ፣ ለይቼ፣ የቱ ጨርቅ ለየቱ እንደሆነ ነግሬ ከሆነ ምኑን አገዘኝ?

የሦስት ልጆች አባት፦
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተካፈሉት።

ዝም ያለች፦
እኛ ቤት ሃምሳውም ሎሚ እኔ ትከሻ ላይ ነው። እሱ ቆሞ «ከበደሽ?» ይላል።

የሦስት ልጆች አባት፦
እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ እኔ እጠርጋለሁ። የጠረግኩትን ባለቤቴ ከኋላዬ መጥረጊያ ይዛ ትደግመዋለች። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተደረገ ወንድ ሦስተኛ መጥረጊያ አያነሳም።

ዝም ያለች፦
ጥጉን እየዘለልክ ነዋ የምትጠርገው!

የሦስት ልጆች አባት፦
ጥጉን ማን ያየዋል?

ዝም ያለች፦
ጥጉ ምን አደረገህ? የቅዳሜው ሰውዬ መጥቶ የሚያየው ጥጉን አይደል?

መላ አለኝ፦
ለምን ትጣላላችሁ? ተመላላሽ ሠራተኛ ቅጠሩ። አንድ ፈረቃ ጨምሮ ሠርቶ ለሚያጸዳ ሰው መክፈል ራስን ከመግደል ይሻላል። እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚኖረው። እኔ ቤቴን ነክቼው አላውቅም።

ቁልፍ ያዥ፦
ተመላላሹ እኔ ነኝ። የስምንት ቤት ቁልፍ አንድ ቀለበት ላይ ይዣለሁ፤ እንዳይምታታብኝ በየቁልፉ የተለያየ ቀለም ክር አስሬበታለሁ። ቀይ ክር ያለበት ቤት ውሻ አለ፣ አረንጓዴው ደረጃው ብዙ ነው። እንዲህ ስትሉ አልከፋኝም፤ ሥራዬ ነው፣ ቅጠሩም። ግን ሰው ስትጠሩ መሬት ላይ ያለውን አንሱለት። ማንሳትና ማጽዳት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። የተከፈለኝ ሁለት ሰዓት ከሆነ አንዱ የልጅ መጫወቻና ካልሲ ስለቅም ያልቃል፤ ከዚያ «መታጠቢያ ቤቱ በደንብ አልጸዳም» ይሉኛል። ጠያቂዋም በየቀኑ እንዲቀላት ከፈለገች፣ በር አጠገብ አንድ ቅርጫት ታስቀምጥና ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት የየራሳቸውን ይልቀሙባት። ጫማም በር ላይ ይቅር፤ ወለል ከሚያቆሽሸው አንዱ ከውጭ በሶል የሚገባው ነው።

ከጀመርኩ ልጨርሰው። ልጅ ሆኜ እናቴ ጎንበስ ብላ ወለሉን በእጇ ስትወለውል ጨርቁን ልቀበላት ስል «ተው፣ አንተ ወንድ ልጅ» ብላ ታባርረኝ ነበር። አሁን በቪዲዮ ስትደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ቤት ነኝ። ከኋላዬ ትልቅ ሥዕልና መጻሕፍት ይታያታል። «ቢሮህ እንዴት ያምራል» አለችኝ አንድ ቀን። አላረምኳትም። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው ቢሮ ከገባሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ላፕቶፕ ላክልኝ ሲለኝ በሆዴ ወደ ሽንት ቤት እመነዝረዋለሁ። ይህን ያህል ሽንት ቤት ነው እላለሁ። እሱ ወንድሜ ጨክኗል ይላል። የሰው ቤት አጽድቼ ማታ ስገባ የራሴ ሲንክ ውስጥ የሦስት ቀን ዕቃ ተከምሯል። እሱን የማጥብበት አቅም የለኝም።

ሃያ ዓመት በስደት፦
ልጄ፣ አንጀቴን በላኸው። ለእናትህ ንገራት። እኔም አራት ዓመት «ሆቴል ነው የምሠራው» ብቻ እያልኩ እንግዳ ተቀባይ ያደረጉኝ ሰዎች ነበሩ።

መላ አለኝ፦
ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም። ግን ምን ያሳፍራል? ሥራ ሥራ ነው።

ቁልፍ ያዥ፦
ካላሳፈረ «እኔ ነክቼው አላውቅም» ስትል በኩራት ለምን ሆነ?

መላ አለኝ፦
በኩራት አላልኩም። አንተ በኩራት አነበብከው።

ዝም ያለች፦
በኩራት ነው ያልከው፣ እኔም እንደዚያ ነው ያነበብኩት።

ኬሚስትሪ ያላለፈ፦
ለቁልፍ ያዥ፦ ዕቃውን ማታ ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ጥለኸው ተኛ። ጠዋት ማለቅለቅ ብቻ ነው። እትዬ ያሉት ጊዜ እዚህም ይሠራል።

የሌሊት ፈረቃ፦
ዓርብ ሌሊት ነው፣ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ኦቨኑ እንዳሉት ሆነ እትዬ! ጠዋት ስከፍተው ጭቃው ቡናማ ሆኖ ደርቋል። በካርዱ ስፍቀው እንደ ቅርፊት እየተነሣ ወደቀ፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሩ መስታወት ላይ ትንሽ ቀርቷል። ሻወሩ ላይ ወረቀቱን ለጥፌ እንቅልፍ ወሰደኝና ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁት፤ ደግሜ አርሼ ለጠፍኩት። ታችኛው ግማሽ ጠርቷል፣ ላይኛው ገና ነው። ባለቤቴ ምን ላግዝሽ ሳይል የላስቲክ መጥረጊያ ገዝቶ ሻወሩ ላይ ሰቅሎታል። የመኝታ ቤቱን ጥግ ግን አሁንም አልወሰንኩም። ልጥረገው ወይስ ልተወው?

የሦስት ልጆች አባት፦
ባልየው መጥረጊያ ገዛ ማለት እኮ ነገሩን ተረድቷል ማለት ነው። ይህን ነው የምለው፤ ወንድ ካልተነዘነዘ ራሱ ይሠራል።

ዝም ያለች፦
አንድ መጥረጊያ ገዝቶ ሐውልት ይቁምለት እንግዲህ!

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰውዬው መጥቶ ሄደ። አሥር ደቂቃ አልቆየም። ኦቨኑን አልከፈተውም። ሻወሩን በበሩ አሻግሮ አየው። መኝታ ቤት ገብቶ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ጎንበስ አለ፣ ጥጉን በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ብጠይቀው «እናሳውቅሻለን» አለኝ። አልጠረግኩትም ነበር፤ መወሰን አቅቶኝ ነው እንጂ ምክር ሰምቼ አይደለም።

የሦስት ልጆች አባት፦
አንቺስ ፎቶ አንስተሻል? ዛሬ ቀኑ ያለበት?

የሌሊት ፈረቃ፦
አላነሣሁም። ቁም ሳጥኑን ልግፋና ላንሣው።