ቅርንጫፍ ቢሮዎችን ከዋናው ጋር ለማገናኘት ምን ትጠቁማላችሁ?

— ሰላም ቤተሰብ፣ ዋና ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፣ ደብረ ማርቆስና ወልድያ ቅርንጫፍ አለን፣ ሁለቱም ጋ ኔቱ ኤሊ ነው። ፒችትሪን (የሂሳብ ፕሮግራሙን) ሦስታችንም ጋ አንድ ላይ መጠቀም ፈልገን ነበር። ሲም ራውተር ይሻላል ወይስ የመስመር ኢንተርኔት?

— ወንድሜ፣ ከመስመሩ በፊት በመስመሩ የምትጭነውን ቀንስ። እኔ በዳያልአፕ፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተደወለ በሚገባበት ዘመን የጀመርኩ ሰው ነኝ፣ 56 ኪሎቢት ይሉሃል እንጂ ስትልክ ከ33.6 አያልፍም፣ 10 ሜጋ ባክአፕ ለመላክ ስልኩ ንጹህ ሆኖ እንኳ 40 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ሰው ቀፎውን ካነሳማ እንደገና ሀ ብለህ ነው። የዛሬው ኔት ቢፈጥንም መቆራረጡ አልቀረም። እኛ የፒችትሪውን ፎልደር በቪፒኤን (ቢሮዎችን በኢንተርኔት ላይ በተቆለፈ የግል መስመር የሚያገናኝ ነው) ማፕ አድርገን ከቅርንጫፍ በቀጥታ እንከፍተው ነበር፣ አንድ ቀን ኢንቮይስ ፖስት እየተደረገ መስመሩ ተቋረጠ፣ ዳታው ተበላሸ፣ የሦስት ቀን ሥራ ከደረሰኝ ላይ እንደገና መዘገብን። በጭራሽ እንዳታደርገው!

ፒችትሪውን አዲስ አበባ ሰርቨር ላይ ተወውና ቅርንጫፎቹ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ ከፍተው፣ ይግቡ። የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ስለሆነ ኔት ቢሄድ እንኳ ፕሮግራሙ እዚያው ክፍት ሆኖ ይጠብቅሃል። የሪሞት ዴስክቶፑ መክፈቻ ላይ ኤክስፒሪየንስ የሚለው ታብ ውስጥ ዛሬም «ሞደም 56» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ስትመርጥ ዎልፔፐሩ ምኑ ይጠፋና ይቀልልሃል። ግን ሪሞቱን ለኢንተርኔት ክፍት አድርገህ እንዳትተወው፣ ራንሰምዌር (ፋይልህን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ) ብዙ ጊዜ የሚገባው በሱ ነው፣ በቪፒኤን ውስጥ ይለፍ።

ለቪፒኤኑ ማይክሮቲክ ራውተር ዋየርጋርድ ከሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ጋር እመክርሃለሁ፣ ኦፕንቪፒኤን ከሚባለው ሌላው ዓይነት ይልቅ ቀላል ነው፣ ኔት ሄዶ ሲመለስም ራሱ ይያያዛል። ዋናው ቢሮ የመስመር ኢንተርኔት ከቋሚ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የሚገኝበት የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ጋር ይኑረው፣ ቅርንጫፎቹ ሲም ይበቃቸዋል፣ ከዋናው ጋር ግንኙነቱን የሚጀምሩት እነሱ ናቸውና። የቴሌ ይሁን የሳፋሪኮም ከሰው አትስማ፣ ሁለቱንም ሲም ይዘህ ሂድና ራውተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከሰዓት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሞክር፣ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ፒንጉንም (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ለአሥር ደቂቃ እየው። ቴሌ ለድርጅት የሚሸጠው ቪፒኤንም አለ፣ ለባንክ ዓይነቱ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ትንንሽ ቅርንጫፍ ግን በዝቷል ባይ ነኝ።

— በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ! ትናንት በሲም ሞከርነው፣ ፒንግ ያደርጋል፣ ሪሞቱ ሲከፈት ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ምን ይሆን?

— ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፈው የዳታ ፓኬት ትልቁ መጠን) ነው የሚመስለው፣ ትንሹ ፓኬት ያልፋል ትልቁ ይቀራል። የዋየርጋርዱን በሁለቱም በኩል 1280 አድርገውና ሞክር፣ ራውተሮቹን ደግሞ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፉ ዩፒኤስ ላይ ሰካቸው።