የቢሮ ሥራ አልበረክትልኝ አለ

የታቦሯ (ሐዋሳ)፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ከሚኒሶታ ጠቅልዬ ከገባሁ ዓመት ሆነኝ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብና መረጋጋት የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብኝ ያወቅኩት እዚያ ሳለሁ፣ በ29 ዓመቴ ነው። አክስቴ ሰው ለምና አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል አስገባችኝ። ሥራዬ ደረሰኝ በቀንና በቁጥር ማሰር ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥራዝ ጠፋ። ግማሽ ቀን ሲፈለግ ውሎ ከሻይ ትሪው ሥር ተገኘ፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ልብሽ የት ነው?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ሚኒሶታ ግን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ስቀበል አንደኛ ነበርኩ። አሁን ሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ነይ ብሎኛል፤ ደሞዙ ያንሳል። አክስቴ «ቢሮ ለቀሽ ሻንጣ ልትጎትቺ?» ብላ አኩርፋኛለች። ልልቀቅ? ወይስ ለአለቃዬ ልንገረው?

ጋሽ ሲያትል፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መብትሽን እወቂ። እዚህ አሜሪካ በፈረንጅ 1990 የወጣ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ። ችግሩ የዕለት ኑሮሽን በጉልህ የሚያውክ ከሆነ፣ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ሊያመቻችልሽ ይገባል። ጸጥ ያለ ቦታ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ አጭር እረፍት። ሥራውን እሰጥሻለሁ ሳይልሽ በፊት ስለ ሕመምሽ መጠየቅም አይችልም።

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ያለችው ሐዋሳ ነው እኮ 😄 እዚህ ያለው አዋጅ 568/2000 ነው። እሱም «ተመጣጣኝ የማመቻቸት እርምጃ» ይላል፤ አለቃዋ ግን ሰምቶት አያውቅም ብዬ እወራረዳለሁ። የታቦሯ፣ የበሽታውን ስም ተይው። «የዛሬውን ሥራ በወረቀት ጻፍልኝ፣ አንዱን ስጨርስ ሌላውን ስጠኝ» በይው። ሎጁን ከመረጥሽ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። እስከዚያ ካልተመቸሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ትወጫለሽ።

ፍራንክፈርት፦
ሐይቁ ዳር ስትዪ ሆዴ ባባ። ጠዋት ዓሣ ሲበለት፣ አባ ኮዳ ወፎቹ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው አንጀቱን ሲጠብቁ፣ ጥሬውን በዳጣ… እዚህ ዓሣ የሚሸጠው በፕላስቲክ ታሽጎ ነው። ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ወጣሁ። ወንድሜ ለባጃጅ ብር ላኪ እያለ ያስጨንቀኛል። ሦስት ሥራ ለቋል። ሰነፍ ነው ብዬ ስልኩን ማንሳት ትቼ ነበር። አሁን አንቺን ሳነብ ደነገጥኩ።

እትዬ (ዴንቨር)፦
በእኛ ጊዜ ይሄ ቅብጥብጥነት ይባል ነበር። በአርጩሜ ነበር የሚድነው። ፈረንጅ ስም ሲያወጣለት ሁላችሁም ታመማችሁ።

ፍራንክፈርት፦
እትዬ፣ በአርጩሜ የዳነ ካለ ያሳዩኝ። ወንድሜ ላይ ያላለቀ አርጩሜ አልነበረም። ያተረፈው መደበቅን ነው።

እትዬ (ዴንቨር)፦
እኔ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።

ጋሽ ሲያትል፦
እዚህ አገር ቢሆን ግን እትዬ፣ በአርጩሜ ብቻ ሊከሰሱ…

አሞራ ገደል (ሐዋሳ)፦
ጋሼ ደግሞ ወደ ሕጉ ተመለሱ!

የታቦሯ (ሐዋሳ)፦
ኧረ አርጩሜውን ተዉልኝ። ነገ ከሥራ በፊት ሎጁን አይቼ እመጣለሁ። ወረቀቱንም አለቃዬን እጠይቀዋለሁ። አክስቴን ግን ማን ያናግርልኝ?

እትዬ (ዴንቨር)፦
ሰፈሯ የት ነው? አቶቴ ከሆነ አውቃት ይሆናል። ስልኳን በውስጥ ላኪልኝ።