ደሴ ላይ በየወቅቱ ምን ጠላ፣ ከምን ምግብ ጋር?

ቶሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ልከፍት እየተዘጋጀሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ቤት ያለውን ቢራ መደርደር አልፈልግም። በየወቅቱ የሚቀያየር መጠጥ ይኑረኝና ከወቅቱ ምግብ ጋር ላጣምረው ብዬ አሰብኩ። ውጭ አገር ያሉ ትናንሽ ጠማቂዎች እንደዚህ ያደርጋሉ። መከር ሲገባ የዱባ ቢራ ይወጣል፣ ብርዱ ሲመጣ ጠቆርና ጠንከር ያለ፣ ሙቀት ሲሆን ቀለል ያለ። አዲስ አበባም ቢራውን እዚያው ጠምቀው የሚሸጡ ቤቶች አሉ።

እኔ ማሽን የምገዛበት አቅም የለኝም። ግን ጠላ አለን። ጥያቄዬ የትኛውን ጠላ መቼ፣ ከየትኛው ምግብ ጋር ላቅርብ የሚል ነው። ጠላ ውስጥ ዱባና ቀረፋ ብጨምርስ? ከሚመጣው ሰው ብዙው ፆም የሚፆም ነው፣ ብዙው ደግሞ ሙስሊም ነው። ሁሉም የሚጠጣው ነገር እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። የምታውቁ እስኪ አካፍሉኝ።

የኩታበር ልጅ

ወንድምዓለም፣ እንኳን አሰብከው። እናቴ ኩታበር ስትጠምቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን ደሴ ላይ ለሠርግና ለማኅበር እጠምቃለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ዱባውን ተወው። የእኛ ጠላ ድሮም ወቅት አለው። እኛ ደጋ ላይ ገብስ ሁለቴ ይገባል። የበልጉ ሰኔና ሐምሌ፣ የመኸሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ብቅል ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ገብስ አርሰህ ብታበቅል የምታሰጣበት የለህም፣ ይሻግታል። ባለሙያ ሴት የክረምቱን ብቅል ግንቦት ሳያልፍ አድርቃ ታስቀምጣለች። ብርዱም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ገደማ። እዚያ ታች ቶሎ የሚነሳ ጥንስስ (የጠላው መነሻ) እዚህ ኅዳር ላይ ቀናት ይዘገያል። ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠግቼ በአሮጌ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ እንጂ አላስቸኩለውም። ቀስ ብሎ የፈላ ጠላ ኮምጣጣነቱ ያነሰ ነው።

ቀለሙን የሚያመጣው አሻሮው፣ ተቆልቶ የሚገባው ገብስ ነው። ገብሱን ብረት ምጣድ ላይ ስትቆላ መጀመሪያ የቆሎ ሽታ ይሸትሃል። እዚያ ላይ ካወጣኸው ቀላ ያለ ጠላ ይወጣሃል። ከዚያ አልፎ ቡና ቡና መሽተት ሲጀምር ካወረድከው ጥቁር ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ግን አረረ ማለት ነው፣ ጠላውን መራራ ያደርገዋል። በዚህች ደቂቃ ከምጣዱ ዞር አይባልም።

እሺ፣ ወደ ምግቡ። ለመስከረም በዓላት ሰው ሁሉ ከዶሮ ወጥ ጋር ጠንካራ ጠላ ያቀርባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጌሾው የበዛና ጠንካራ የሆነ ጠላ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ለዶሮ ወጥ ቀላ ያለ፣ ጌሾው ቀነስ ያለ፣ ገና ብቅሉ የሚጣፍጥ ጉሽ (ያልጠራ) ጠላ ስጥ። ቁሌቱ ላይ የገባውን ሽንኩርት ጣፋጭነት ያወጣልሃል። እንግዳው ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ውሃ ውሃ አይልም።

ጥቁሩን ለጥቅምት አቆየው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ! ያኔ በጉ ሰብቷል፣ ማታውም ይበርዳል። ግን ጋኑን በደንብ እጠነው። እኔ ጋኑን በግራዋ ቅጠል እስኪጠራ አጥባለሁ። ፍም ላይ የወይራ ስንጥር አደርግና ጋኑን እደፋበታለሁ። ጭሱ በጎን እንዳይወጣ አፉን ዙሪያውን በጨርቅ እዘጋዋለሁ። የጋኑ ሆድ ከውጭ ሲነካ እጅ ሲፈጅ በቃው ማለት ነው። ያ የወይራ ጭስ ከጎድን ጥብስ ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ነው። አዋዜ እንኳን አትጨምርበት።

ለፆም ቅራሪ፣ ድፍድፉ ላይ ዳግም ውሃ ተጨምሮ የሚወጣውን ቀጭን ጠላ ያዝ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ነቢያትና ፍልሰታም አሉ፣ ስለዚህ ከምግብ ዝርዝርህ ብዙው ክፍል ይሄ ነው የሚሆነው። ቅራሪ ስለሚቀጥን ብዙዎች ይንቁታል። ከተጋቢኖ ሽሮ ጋር ግን እንደ እሱ የሚሄድ የለም። ሽሮው ከባድ ነው፣ ቅራሪው አፍ ያጥባል። ከአዚፋ ጋርም ጥሩ ነው፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ሲይዝ ያበርደዋል። ከስልጆ ጋር ግን ጠላ አታቅርብ። ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይገድለዋል። በፆም ጠላ ጭራሽ የማይቀምስ ሰው እንዳለም አስብ፣ ለእሱ የሱፍ ውሃ ወይም ተልባ አዘጋጅ።

ክረምት ላይ ምግቡን አታብዛው። ትኩስ የገብስ ቆሎ፣ ከጎኑ ፊልተር (የተጣራ) ጠላ በትንሽ ብርጭቆ፣ በቃ። ፊልተር ከተራው ጠላ ይጠነክራል፣ በዋንጫ አይሰጥም።

ብቅልና ሆፕ

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ሙያዬም ቢራ ጠመቃ ነው። እታለም ያለችውን ሳነብ ደስ አለኝ። የፈረንጆቹ የወቅት ቢራም የመጣው ከዚሁ ከብርዱና ከገብሱ ነው።

ባቫሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1553 የወጣ ደንብ በሙቀቱ ወራት ቢራ መጥመቅን ከልክሎ ነበር። የሚፈቀደው በእነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 29፣ ከቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ እስከ ኤፕሪል 23፣ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ብቻ ነበር። በሙቀት የተጠመቀ ቢራ ይበላሽባቸው ነበርና። ስለዚህ ማርች ላይ ጠንከር አድርገው ጠምቀው ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ያቆዩታል፣ በመጸው ያወጡታል። ማርዘን የሚባለው ቢራ ስሙን ያገኘው ከዚያ ወር ነው። ቤልጂየም ውስጥ ደግሞ ሴዞን አለ። ገበሬው በብርዱ ወራት ጠምቆ በሙቀቱ ወራት ለሠራተኞቹ የሚያጠጣው ቀለል ያለ ቢራ ነበር። እኛ ደቦ ላይ ጠላ እንደምናወርደው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽን ሲመጣ ቢራ ዓመቱን ሙሉ መጠመቅ ቻለ። ዛሬ የምትጠጣው የጠርሙስ ላገር (በቅዝቃዜ የሚፈላው የተለመደው ቢራ) መስከረምም ሰኔም አንድ ጣዕም ያለው ለዚህ ነው።

የወይራ ጭሱን በተመለከተ፣ ጀርመን ባምበርግ ከተማ ራውክቢር የሚባል አለ። ብቅሉን በእንጨት ጭስ ያደርቁታል፣ ከሥጋ ጋር ይጠጣል። እኛ የምናጥነው ጋኑን ነው፣ እነሱ ብቅሉን። ለውጭ እንግዳ ስታስረዳ ይጠቅምሃል።

ጌሾ ቢራ ውስጥ የሚገባውን የሆፕ አበባ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ያመርራል፣ የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። ስለዚህ ለበዓሉ ጌሾ ቀንሰህ ያስጠመቅከው ጠላ ብዙ አይቆይም። በትንሽ በትንሹ አስጠምቅ። ጋኑ የተከፈተበትን ቀን ሰሌዳ ላይ ጻፍ። የዛሬው ጠላ ከትናንቱ ትንሽ ኮምጠጥ እንደሚል ደንበኛው ይወቅ፣ የሚመርጠውም ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሐይቅን ቆሮሶ አሳ ጠብሰህ በሎሚ የምታቀርብ ከሆነ ጥቁር ጠላ አታስጠጋው። አሳው ስስ ነው፣ ጭሱ ይውጠዋል። ለእሱ በደንብ የቀዘቀዘ ላገር ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ከጠርሙስ ቢራ መጣላት የለብህም።

የባቲ ሰኞ

ሰላም ወንድሜ። ሙስሊሙን ደንበኛ ስላሰብክ አላህ ይስጥህ። ብዙ ቤት ገብተን ለስላሳና ውሃ ብቻ ነው የሚቀርብልን።

ቀሪቦ አለልህ። እሱም ገብስ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳር ይገባበታል። ለሠርግና ለኢድ ትልቅ በርሜል ሙሉ ይዘጋጃል። እርሾ ጨምሮ የሚያሳድር ቤት አለ፣ ያ ሲቆይ ትንሽ አልኮል ያወጣል። አንተ እርሾ ሳታስገባ በዕለቱ ሠርተህ በዕለቱ ጨርሰው። ዝርዝሩ ላይም "እርሾ የሌለው" ብለህ ጻፍ። ሰው ተማምኖ ይጠጣል።

ከምን ጋር ላልከው፣ ከፍየል። ባቲ ሰኞ ገበያ ከቆላ የሚመጣውን ፍየል ታውቀዋለህ። ጥብሱን በቃሪያ ደረቅ አድርገው። የቀሪቦው ጣፋጭነት ከቃሪያው ጋር ይመጣጠናል፣ የተቆላው ገብስ ደግሞ ከሥጋው ጋር። ይህ በበጋም በክረምትም ይሆናል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ግን ስኳሩን ቀነስ አድርግ፣ በባዶ ሆድ ይከብዳል።

አደራህን፣ የቀሪቦው ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ከጠላው የተለየ ይሁን። ወሎ ውስጥ ሠርግ ላይም ለሁለቱም ወገን ዕቃው ለየብቻ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ቶሳ ሥር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዱባው ቀርቷል። ለመስከረም ቀዩን ጉሽ ከዶሮ ወጥ ጋር፣ ለጥቅምት ጥቁሩን ከጎድን ጋር፣ ለነቢያት ፆም ቅራሪና ሽሮ። ቀሪቦና የፍየል ጥብስ ሁልጊዜ። እትዬ የኩታበር ልጅ፣ አንድ ልጠይቅዎት፦ ለመጀመሪያው አዲስ ጋን ልግዛ ወይስ የፕላስቲክ በርሜል ይሆናል? በርሜሉ ይረክሳል።

የኩታበር ልጅ

ለቀሪቦ በርሜል ይሁን፣ ይታጠባል። ለጠላ ግን ጋን ግዛ። በርሜል አይታጠንም፣ የጥቅምቱን ጥቁር ጠላ ታጣዋለህ። አዲስ ጋን ደግሞ መሟሸት አለበት፣ እንዲያው ብትጠምቅበት ሸክላ ሸክላ ይላል። ጌሾውን ስትገዛ ቅጠሉንና እንጨቱን ለየብቻ ግዛ። ቅጠሉ ለጥንስሱ ነው፣ እንጨቱ ለድፍድፉ። ነሐሴ ሳይጋመስ ጋኑን ይዘህ ና፣ አብረን እናሟሸዋለን።