«ቻለ»፣ «ታገሠ» እና «ረጋ አለ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ጅማ ላይ በምንሰበሰብበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትዕግሥትን ከመንፈስ ፍሬ የሚቆጥረውን የገላትያ ምዕራፍ 5 ቁጥር 22ን ስናነብ፣ ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር እኅታችን «ሁሉም ቻያት ይሉኛል፤ እችላታለሁ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ረግቼ አላደርኩም» አለችን። መቻልና መታገሥ አንድ ናቸውን? መርጋትስ ከሁለቱ ጋር ምን ዝምድና አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄዎ ከመዝገበ ቃላት አልፎ የሰው ኑሮ የሚነካ ነው። በሄርማታ ገበያ ቡና የሚያስጭን ሰው «ይህ ጆንያ ስንት ፈረሱላ ይችላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ቻለ» መያዝን፣ ሳይቀደዱ መሸከምን ያመለክታል። ሰውን መቻልም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ «ሆደ ሰፊ» እና «ሆድ ይፍጀው» የምንለውም ክፉ ነገር ገብቶ የሚቀመጥበትን ስፍራ እያሰብን ነው። የተቻለው ነገር ግን ከውስጥ አልወጣም፤ ለዓመታት ቻይ የተባለ ሰው ቂም የቋጠረ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

«ታገሠ» ጊዜን ይጨምራል። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ሁለቱም ባለ ዕዳዎች የሚለምኑት በአንድ ቃል ነው፦ «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ።» እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ብቻ ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር፣ የተነፈገው ትዕግሥት የጥቂት ወራት ጊዜ ነበር። እኔ በክርስትና መታገሥ የምለው ይህንን ነው፤ ለራሴ ከተሰጠኝ ጊዜ ላይ ለሌላው መስጠት። ሐኪም የሚያዝልን «ማስታገሻ» ከዚሁ ግሥ መውጣቱንም ልብ ይሏል፤ ሕመሙን ባይነቅለውም ያበርደዋል።

ሌላ አባል፦ በዚህ ላይ አንድ እርማት አለኝ። በ1954 ዓ.ም. ትርጉም 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ቁጥር 4 «ፍቅር ይታገሣል» ይላል፤ ቁጥር 7 ደግሞ «ሁሉን ይታገሣል» ይላል። በግሪኩ ግን ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጣን ማዘግየት ሲሆን ሁለተኛው ከድኖ መያዝን፣ መሸከምን ያሳስባል። ስለዚህ መቻልም ከፍቅር ውጭ አይደለም፤ ጉድለቱ ብቻውን ሲቀር ነው።

«ረጋ» ከወተት ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ «እርጎ» የወጣው ከእርሱ ነው። ከ«ዘና አለ» የሚለየውም በግልጽ ነው፤ ሰው ዘና የሚለው ሥራና ጭንቀት ሲርቁለት ሲሆን፣ ረጋ ያለ የሚባለው ግን ነገር በተነሣበት ሰዓትም የማይናወጥ ነው። ያዕቆብ 1፥19 «ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቍጣም የዘገየ» ሲል የሚሥለው ይህንኑ ሰው ነው። ግእዙ መዝሙር ደግሞ እግዚአብሔርን «ርኁቀ መዓት»፣ ማለትም ከቁጣ የራቀ፣ ይለዋል፤ እዚህ ቁጣ የሚለካው በመዘግየት ሳይሆን በርቀት ነው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚያጽናናኝ አገላለጽ ይህ ነው። በከተማችን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኦብሳ» (ትዕግሥት) ብሎ ልጁን ይሰይማል፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም «ሰብር አድርግ» (ታገሥ) ይላል፤ የእነዚህን ጥላ ስሜት የሚያውቅ አባል ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ እርማቱን በደስታ ተቀብያለሁ። ለእኅታችን ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ኤፌሶን 4፥2 የሚለው «እርስ በርሳችሁ በፍቅር ታገሡ» ነው። «ቻያት» የሚለው ምክር የሚነገረው ለአንዲቱ ብቻ ሲሆን፣ «እርስ በርሳችሁ» ግን ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ በጥናታችሁ ያሉት ሽማግሌዎች ወደ አማትየዋም ሄደው ይህንኑ ቃል ቢያነቡላቸው፣ ምራታቸውም በየማታው ረግታ የምታድርበት ነገር ሊገኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ።