ደሴ የተከራየሁት መኪና መያዣ አልመለስ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። ለእህቴ ሠርግ ደሴ ላይ መኪና ያለ ሹፌር ለ3 ቀን ተከራየሁ። ሐይቅ ደርሰን መጣን፤ በማግስቱ እንግዳ ለመቀበል በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ሄድኩ። ሌላ የትም አልነዳሁም።

ስመልስ አከራዩ የኋላ በሩን ጭረት አሳይቶ 15 ሺህ ብር መያዣዬን ከለከለኝ። ጭረቱ ስረከብም ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ! በሠርግ ጥድፊያ ግን ፎቶ አላነሳሁም፤ ውሉም ስለ መኪናው ይዞታ አንድ ቃል የለውም። «ኢንሹራንስ አለው» ያለኝ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የራሱን መኪና አይሸፍንም። ውል ላይ ያልተጻፈ የኪሎ ሜትር ጭማሪም ጠይቆኛል።

ብሩ እናቴ የተበደረችው ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የተቀረጸው የሠርግ ቪዲዮ ላይ በሩ ይታያል፤ ማስረጃ ይሆነኛል? በሽማግሌ ልሞክር ወይስ ቀጥታ ልክሰስ? የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።